ወፍጮ ቤት የተላኩ ሽማግሌዎች

እኔ በወጣትነቴ እንጀራዬን የበላሁት በቀለም ነው፤ ሰዓሊ ግን አልነበርሁም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የተመደብሁት በከተማው የፕላን ሥራ ላይ ሲሆን፣ ከጧት እስከ ማታ የምሠራው የአዲስ አበባን ሰፈሮች በወረቀት ላይ መቀባት ነበር። መኖሪያ ቤት ቢጫ ነው፤ ንግድ ቀይ፤ ፋብሪካ ወይን ጠጅ፤ ዛፍና ሣር አረንጓዴ። የትኛው መሬት ለምን አገልግሎት እንደሚውል የሚደነግገው ደንብ ከካርታው ጋር ተያይዞ ይጻፋል። ዘመኑ የደርግ ነበርና የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆኗል፤ ስለዚህ ዛሬ ወረቀት ላይ የፈሰሰ ቀለም ነገ መሬት ላይ ሊወርድ ይችላል ብለን ከልባችን እናምን ነበር።

ላጤ ነበርሁ። የምኖረው ከመሥሪያ ቤቴ ብዙም በማይርቅ አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ የምበላው ምግብ ቤት፣ የማነብበው ደንብ፣ የማወራው ከራሴ ጋር። የሥራ ባልደረቦቼ «ማስመሪያው» የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። ስሙን ስድብ ነው ብዬ አላውቅም፤ ማስመሪያ የተከበረ ዕቃ ነው።

ከተሰጡኝ ሰፈሮች አንዱ ኮልፌ ቀራንዮ ነበር። ከ18 ማዞሪያ ወደ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አቅጣጫ ስትወርዱ፣ መኪና እንደ ልብ የማያሳልፍ አንድ ጠባብ መንገድ አለ። በዚያ መንገድ መካከል የወይዘሮ አሰገደች ወፍጮ ይገኛል። ወፍጮው ባለበት ሰው ይሰበሰባል፤ ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ ሌላው ይከተላል። ከወፍጮው ቀጥሎ ጫማ ሰፊ፣ ከጫማ ሰፊው ቀጥሎ በረንዳው ላይ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ፣ ከፊት ለፊት ሽንኩርትና ቃሪያ የሚቸረችሩ የጉልት ሴቶች፣ ጥግ ላይ ክብሪትና ሳሙና የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ። እነዚህ ሁሉ በእኔ ካርታ ላይ በሰፊ ቢጫ መካከል የተበተኑ የቀይ ነጠብጣቦች ነበሩ።

ነጠብጣቦቹን የሚያድን አንድ አንቀጽ በደንቡ ውስጥ አስገባሁ። እንዲህ ይል ነበር፦ «በመኖሪያ ክልል ውስጥ ለነዋሪው የዕለት ፍላጎት የሚያገለግሉ ሱቆች፣ የእጅ ሥራዎችና የእህል ወፍጮ ከቤት በእግር በሚደረስ ርቀት ሊፈቀዱ ይችላሉ።» ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ስንት ቀን እንደታገልሁ እኔ ነኝ የማውቅ።

የክፍላችን ኃላፊ ጓድ ታደለ ይባሉ ነበር። ውጭ አገር የተማሩ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያበራ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጠሩኝና ጣታቸውን አንቀጼ ላይ አሳረፉ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ትንንሽ አገልግሎቶች ከመኖሪያ ቤት ጋር ተቀላቅለው እንዲኖሩ የሚፈቅድ ነው፣ ጓድ።»

«ተቀላቅለው? እኛ የተቀጠርነው የተቀላቀለውን ለመለየት አይደለም እንዴ?»

«ሰው ግን በእግሩ...»

«ሰው አውቶቡስ አለው።»

«አውቶቡሱ የሚቆመው ማዞሪያው ላይ ነው፣ ጓድ።»

«እንግዲያው ወደ ማዞሪያው ይውጣ! ገበያውም እዚያው ይሆናል። ወፍጮው፣ ሱቁ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሁሉም በአንድ ቦታ፣ በቀይ ቀለም፣ በሥርዓት። ቢጫው ቢጫ ይሁን!»

ፕላኑ ሰኞ ተፈርሞ ለበላይ አካል ሊተላለፍ ነው። አንቀጹ ከተሰረዘ ወፍጮውና በዙሪያው የበቀለው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ማዞሪያው ይሄዳል፤ የሰፈሩ ሰው ጆንያውን ተሸክሞ ያንን ዳገት ይወጣል። ይሁን እንጂ ጓድ ታደለ አንድ ደግ መርሕ ነበራቸው፤ ሰው ፊት ለፊት ሳይነገረው ንብረቱ አይነካም ይላሉ። ስለዚህ ከመፈረማቸው በፊት እሑድ ራሳቸው ወደ ባለ ወፍጮዋ ቤት ሄደው ጉዳዩን ሊያስረዱ ወሰኑ። እኔ ካርታውን ይዤ እንድከተል ታዘዝሁ።

የዚያን ጊዜ ነዳጅ በኩፖን ነበር። እሑድ ጧት መሥሪያ ቤት ስንደርስ የመኪናችን ኩፖን አልቆ ሾፌሩን ጋሽ ሽብሩን ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ግርማ ሞገስ ያላቸው፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ክረምቱ ሊወጣ ቢቃረብም ብርዱ ገና ስላልለቀቀ ንጹሕ ጋቢ ለብሰዋል።

«መኪና ከሌለ አንተ ለምን ትመጣለህ?» አሏቸው ጓድ ታደለ።

«ኃላፊ መስክ ሲወጣ ሾፌር ይከተላል የሚል መመሪያ አለ፣ ጓድ። ስለ መኪናው የሚል ነገር የለበትም።»

በአውቶቡስ ሄደን ማዞሪያው ላይ ወረድን፤ ከዚያም በእግር ቁልቁል ጀመርን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ጓድ ታደለ ጥቁር ሱፍ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጥቁር ጃንጥላ በክንዳቸው አንጠልጥለው ከፊት ይሄዳሉ፤ ጋሽ ሽብሩ በጋቢያቸው ከመካከል፤ እኔ የተመረቅሁበትን ሙሉ ልብስ ለብሼ ከኋላ። ወፍጮው ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የጓድ ታደለ የቀኝ ጫማ ሶል በጭቃው ተይዞ ከፊት በኩል ተከፈተ። ከዚያ በኋላ በተራመዱ ቁጥር ጫማው አፉን ይከፍትና ይዘጋ ጀመር። እኛ እንዳላየን ሆንን።

ወፍጮው ለሰንበት ተዘግቷል። ከጀርባው ያለው የወይዘሮ አሰገደች ግቢ ግን ተጠርጎ፣ ከበሩ ጀምሮ ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል። ጓድ ታደለ ይህን አይተው ደስ አላቸው።

«ቀበሌው መምጣታችንን ነግሯቸዋል ማለት ነው» አሉ። «መልካም አደረጃጀት ነው።»

በሩ ላይ ነጭ በነጭ የለበሱ፣ ጭራ የያዙ ሽማግሌ ተቀበሉን። የወይዘሮ አሰገደች ታላቅ ወንድም አቶ ይመኑ ናቸው፤ ከጎጃም ከመጡ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም ወጋቸውን ይዘው የመጡ ሰው እንደሆኑ ገና ከአቀባበላቸው ያስታውቃሉ።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ! ከቅዳሴ መልስ ጀምሮ ስንጠብቃችሁ ነበር። በእግራችሁ መጣችሁ? ጎሽ! ግቡ፣ ግቡ።»

ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮቹ ሁሉ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍነዋል። ወይዘሮ አሰገደች፣ ወፈር ያሉ፣ ፈገግታቸው ቤት የሚሞላ ሴት፣ ከጓዳ ወጥተው እጅ ነሡን።

«ተቀመጡ እንጂ!»

ጓድ ታደለ ነጩን ጨርቅ አዩ፤ ጭቃ የነካ ሱሪያቸውንም አዩ።

«አንቀመጥም» አሉ በቆራጥነት። «አስቀድመን የመጣንበትን ጉዳይ እንናገር።»

የአቶ ይመኑ ፊት በራ። ወደ እኅታቸው ዘወር ብለው፣ «አላልሁሽም? ወግ አዋቂ ሰዎች ናቸው!» አሉ።

ጋሽ ሽብሩ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። ምን እንደሆነ አልገባኝም። ጓዳ ውስጥ የዶሮ ወጥ ሽታ ነበር፤ የሳሎኑ መጋረጃም ነፋስ ሳይኖር ይነቃነቃል።

በዚህ መካከል ወይዘሮ አሰገደች የተከፈተውን ጫማ አዩት። «ወይኔ! በዚህ ጭቃ፣ ለእኛ ብለው! ያውልቁት፣ ያውልቁት ጌታዬ፣ ጎረቤት ነው የሚሰፋው» ብለው ጎንበስ አሉ። ጓድ ታደለ «ጌታዬ አይባልም፣ ጓድ በሉኝ» ብለው ሳይጨርሱ ጫማው ከእግራቸው ወጥቶ በበሩ ሄደ። ኃላፊዬ በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ቆመው ቀሩ።

አቶ ይመኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በጭራቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

«የእናንተ መምጣት ደስ ይላል። ይህ ጎልማሳ ግን ምንድን ነው? እንዲያው ዘመኑ ተለውጧል ይባላል እንጂ፣ ሙሽራው ራሱ ከሽማግሌ ጋር የሚመጣበት ጊዜ ደርሷል?»

«የምን ሙሽራ?» አሉ ጓድ ታደለ።

«የልጃችን የጽጌ ጠያቂ ነዋ! ሽማግሌ እሑድ እልካለሁ ብሎ የላከብን እሱ አይደለም?»

ከመጋረጃው በስተጀርባ አንድ ሰው ሳቁን ሊይዝ ታግሎ አልቻለም።

አንባቢዎቼ አትፍረዱባቸው። ሦስት ሰዎች፣ አንዱ ሽበታም ባለ ጋቢ፣ አንዱ ባለ ጥቁር ሱፍና ባለ ጃንጥላ፣ በሰንበት፣ ጭቃ እየረገጡ በእግራቸው ይመጣሉ፤ ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ። በአገራችን ይህ ልጅ ጠያቂ ካልሆነ ምን ይባላል? ጋሽ ሽብሩ ገና ቄጤማውን ሲያዩ እንደ ገባቸው፣ ዶሮው እንዳያመልጣቸው ብለው ዝም እንዳሉ በኋላ ራሳቸው ነግረውኛል።

ጓድ ታደለ ፊታቸው ቀላ። ይቅርታ ጠይቀው የመጣንበትን እውነተኛ ጉዳይ በአጭሩ ተናገሩ፤ ሰፈሩ ንጹሕ የመኖሪያ ክልል እንደሚሆን፣ ወፍጮውና በዙሪያው ያሉት ሁሉ ወደ ማዞሪያው እንደሚዛወሩ፣ ነገ ሰኞ እንደሚፈረም።

የወይዘሮ አሰገደች ፈገግታ ጠፋ። የቅርብ ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ወፍጮዬን? ባለቤቴ ሞተሩን በሸክም ነው ያስገባው፤ መንገድ አልነበረም። ልጄን ያሳደግሁበት ነው። ይኸ ሁሉ ሰው እህሉን ይዞ ዳገት ይውጣ? ባልቴቷስ? እርጉዟስ?»

«እናቴ፣ ለሰፈሩ ንጽሕና ነው...»

«አይ እንግዲህ!» አሉ አቶ ይመኑ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ የሚፈርድ ዳኛ ድምፅ ነበር። «እናንተ የመጣችሁት ከዚህ ቤት አንድ ነገር ልትወስዱ ነው። አይደለም?»

«በመሠረቱ... አዎ።»

«በእግራችሁ መጣችሁ፤ ቆማችሁ ተናገራችሁ፤ እኛም ሰማን። እስካሁን ያለው ሁሉ በወጉ ነው። እንግዲህ የቀረውም በወጉ ይሁን። ጠያቂ በመጣበት ቀን መልስ አያገኝም። ዘመድ ይመከራል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፣ ቀን ይቀጠራል። አንዲት ልጅ ለመስጠት ይህን ሁሉ ካደረግን፣ ሰፈር የምታበላ ወፍጮ ለመስጠት አንመክርም?»

«አባት፣ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው። ቀጠሮ የለውም።»

በዚህ ጊዜ መጋረጃው ተገለጠ። የነርስ ልብስ ለብሳ፣ ሹራብ በትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች ወጣት ወጣች። ሳቁ አሁንም ዓይኗ ውስጥ ነበር።

«ጓድ፣ ሕዝቡ ይወያይ የምትሉን እናንተው አይደላችሁ? በየሳምንቱ በቀበሌ ስብሰባ የምንሰማው ይህንኑ ነው። ታዲያ አጎቴ ከዚህ የተለየ ምን አሉ?»

ጓድ ታደለ ተመለከቷት። ከዚያ ወደ በሩ ተመለከቱ። ተቆጥተው ሊወጡ እንደፈለጉ አወቅሁ፤ ግን በአንድ ጫማ ተቆጥቶ መውጣት አይቻልም። ካልሲ ብቻ የቀረውን እግራቸውን ተመለከቱ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ኃላፊዬ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«መቼ እንመለስ?» አሉ።

«የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ» አሉ አቶ ይመኑ። «ወፍጮው በሚሠራበት ቀን። ተኝታ ያያችኋትን ወፍጮ አትጠይቁም።»

ከዚያ በኋላ ተቀመጥን። የተሠራ ምግብ ተትቶ እንደማይኬድ እንኳን አቶ ይመኑ ጓድ ታደለም አላጡትም። ጋሽ ሽብሩ ለእውነተኛ ሽማግሌ በሚገባው ክብር ከዶሮው ብልት ፈረሰኛውን ጎረሱ። በመሐል ጫማው ተሰፍቶ፣ ተጠርጎ፣ ተወልውሎ ተመለሰ። ጓድ ታደለ ገልብጠው፣ አገላብጠው አዩት።

«ጥሩ እጅ ነው። የት ነው የተሰፋው?»

«እዚሁ ከወፍጮው አጠገብ» አለች ጽጌ።

ካርታውን ዘርግቼ እንዳሳያቸው ምልክት ሰጡኝ። «በፕላኑ መሠረት እዚህ ቦታ ላይ ማንም የለም» አሉ ለራሳቸው።

«እንግዲያው ጓድ፣ ጫማዎን ማንም አልሰፋውም» አሉ ጋሽ ሽብሩ፣ አጥንት እየጋጡ።

ልንወጣ ስንል ጽጌም ቦርሳዋን አነሣች፤ ዘነበወርቅ ባለው ሆስፒታል ተረኛ ናት። የምትሄደው በእግሯ ነው። ጋሽ ሽብሩ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን የሥራ ፊት አስመስለው ወደ ኃላፊያችን ዞሩ።

«ጓድ፣ ሠራተኛ በእግሩ የሚሄድበት መንገድ በፕላኑ ላይ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ይህ ልጅ አብሮ ሄዶ ቢያጠናው?»

ጓድ ታደለ እኔን፣ ከዚያ ጽጌን፣ ከዚያ እንደገና እኔን አዩ። «አጥና» አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ በሥራ ትእዛዝ ከአንዲት ሴት ጎን በቀራንዮ ሜዳ ተራመድሁ። መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት።

«ሙሽራው እርስዎ ነዎት ማለት ነው?»

«እኔ የፕላን ባለሙያ ነኝ።»

«አሃ። ወፍጮውን የሚያነሡት እርስዎ ነዎት?»

«እንዳይነሣ የሚል አንቀጽ ጽፌ ነበር። ሊሰረዝ ነው።»

ቆማ አየችኝ። «ታዲያ እቤት ለምን አልተናገሩም?»

«አንቀጹ በሚገባ ተብራርቷል ብዬ።»

«ወይ ጉድ! አንቀጽ አፍ አለው እንዴ?»

እየሄድን የእሷን ቀን ነገረችኝ። ጧት ስትወጣ እህሉን ወፍጮ ቤት ታስቀምጣለች፤ ስትመለስ ዱቄቱ ይጠብቃታል። ሽንኩርቱን ከጉልት ትይዛለች። ልብስ ሰፊው የተተረተረ የሥራ ልብሷን ቆማ ሳለች ይሰፋላታል። የጉልት ሴቶቹም ሰው መሽቶበት እንደሆነ ያውቃሉ፤ አንዲት ቀን ዘግይታ ብትመጣ የመንገዱ ሰው ሁሉ የት ነበርሽ ይላታል። ከዚያ ስለዚያ ጠያቂዋ አወራችኝ። ሰውየው ከከተማው በሌላ ጫፍ ጸጥ ባለ አዲስ ሰፈር ቤት ሠርቷል።

«ከዚያ ሥራ በምን እመጣለሁ ብዬ አስጠየቅሁ። መኪና አለው አሉኝ። ዛሬ ሽማግሌዎቹ የት ደረሱ?»

ኋላ ሁለታችንም እንደሰማነው፣ እነዚያ ሽማግሌዎች ነዳጅ አጥተው ቀርተዋል። ኩፖን ሲገኝ እንመጣለን ብለው ላኩ። ጽጌ ለእናቷ፣ «ለእኔ ሲሉ ከአውቶቡስ ወርደው እዚህ ድረስ መራመድ ያቃታቸው ሰዎች ናቸው» ብላ መልሱን ቋጨች።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት መንገዱን ደጋግሜ አጠናሁት። አንድ መንገድ ይህን ያህል ጥናት ይፈልጋል ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

የቀጠሮው ቅዳሜ ደረሰ። ኩፖን ነበር፤ መኪናውም ነበረ። ጓድ ታደለ ግን «በእግር» አሉ፤ ወፍራም ቡት ጫማ አድርገዋል። ወፍጮው ዘንድ ስንደርስ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጆንያና ቁና የያዙ ሴቶች ተሰልፈው ያወራሉ፣ ልብስ ሰፊው ፔዳሉን ይመታል። ጓድ ታደለ ወደ ውስጥ ገብተው ሲወጡ ጥቁሩ ሱፍ ነጭ ሆኗል። ከሰልፉ አንዲት ሴት፣ «ጓድ፣ ነጭ ያምርብዎታል፣ ከዛሬ ጀምሮ ይልበሱት!» አለቻቸውና መንገዱ በሳቅ ተሞላ።

ግቢው ውስጥ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ነበር። አቶ ይመኑ መልስ ከመስጠታቸው በፊት፣ «የሚናገር አለ?» ብለው ጠየቁ። ጽጌ ከማዶ ዓይኗን ጣለችብኝ። ተነሣሁ። በሕይወቴ ከሰው ፊት ቆሜ ያለ ወረቀት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«ጓድ ታደለ» አልሁ፣ «ደንብ ሰፈር አይሠራም፤ ሰፈር ግን ሊያፈርስ ይችላል። ይህን መንገድ ያቀደው ማንም የለም። ወፍጮው ሰው ሰበሰበ፣ ሰው ሱቅ ሰበሰበ፣ ሱቁ መንገዱን የሚጠብቅ ዓይን ሰጠው። ሁሉንም ማዞሪያው ላይ ብንከምር እዚያ መተላለፊያ ይጠፋል፣ እዚህ ደግሞ ቤትና አጥር ብቻ ይቀራል። እኛ የምንለየው ጎጂውን ከመኖሪያ ነው፤ የቆዳ ፋብሪካ ይራቅ። ዱቄት ግን ከሚጋግረው ሰው ለምን ይለያል?»

«ጫጫታውስ? ብናኙስ?» አሉ ጓድ ታደለ።

ይህ ጥያቄ ትክክል ነበር፤ የወፍጮው የግድግዳ ጎረቤትም ተነሥቶ፣ «እውነት ነው፣ ማታ ማታ አልጋዬ ይንቀጠቀጣል» አለ። ክርክር ሆነ። ወይዘሮ አሰገደች ከጎረቤታቸው ጋር ስለ አልጋው ተጨቃጨቁ፣ ታረቁ፣ እንደገና ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ አቶ ይመኑ ጭራቸውን አነሡ።

«መልሳችን ይኸው። ወፍጮዋን አንሰጥም፤ ግን ጠያቂን ባዶ አንሸኝም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሞተሩ ይቆማል። ከጎረቤት ግድግዳ ተነጥሎ በመንገዱ በኩል ይተከላል። ብናኙን የሚይዝ ክፍል ይሠራለታል። ደስ ይላችኋል?»

ጓድ ታደለ አስቀድመው አንድ ነገር ይነግሩን ጀመር።

«እኔ የምኖረው በንጹሕ ቢጫ ውስጥ ነው» አሉ። «ቤት፣ አጥር፣ ቤት፣ አጥር። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ምሳ ልትሠራ ስትል ክብሪት አልቋል። መኪናው ነዳጅ የለውም። ጎረቤቴን አንኳኳሁ፣ ውሻው እንጂ ሰው አልወጣም። ለአንድ ክብሪት ተራመድሁ፣ ተራመድሁ፤ ስመለስ ባለቤቴ የት ጠፍቶብኝ ነው ብላ እናቷ ቤት ሄዳለች። እውነቴን ነው። ምሳውን ብቻዬን በላሁ፤ እሱም ዳቦ ነበር።» ሳቁ ጋብ እስኪል ጠበቁ። «እዚያ መንገድ ላይ ሳለሁ ይህ ጫማዬን ሰፍቶልኝ ‹የለም› ያልሁት ሰው ትዝ አለኝ።»

ብዕራቸውን አውጥተው ደንቡን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። አንቀጼን አጸደቁት። ከሥሩም አቶ ይመኑ የዘረዘሯቸውን ሦስት ግዴታዎች በራሳቸው እጅ ጨመሩ። ማስመሪያ እንደመሆኔ እመሰክራለሁ፤ ከእኔ ጽሑፍ የተሻለ ደንብ ሆነ። ወይዘሮ አሰገደች እልል አሉ፤ እልልታው ወፍጮውን አልፎ ጉልት ድረስ ተቀባበለ።

ከገና በኋላ በአንድ እሑድ ጓድ ታደለና ጋሽ ሽብሩ ለሦስተኛ ጊዜ ያንን ቁልቁለት ወረዱ። በዚህ ጊዜ እኔ አልተከተልኋቸውም፤ ወጉን ተምሬያለሁና ማዞሪያው ላይ ሻይ ቤት ተቀምጬ አራት ብርጭቆ ሻይ ጠጣሁ። የሆነውን የነገሩኝ ጋሽ ሽብሩ ናቸው።

ተቀመጡ ሲባሉ አንቀመጥም አሉ። ወይዘሮ አሰገደች ሳቃቸውን ውጠው፣ «ደግሞ ዛሬ ምን ልታነሡብን መጣችሁ?» አሉ። ጓድ ታደለ ጃንጥላቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ዛሬ የመጣነው በመጀመሪያው ቀን ‹ሙሽራው ነው› ተብሎ ለተጠየቀው ጎልማሳ ነው። ያን ቀን አይደለም ብለን ነበር። ተሳስተን ነበር።»

አቶ ይመኑ ጭራቸውን እያወዛወዙ ብዙ አሰቡ፤ መልሱን ግን የሚያውቁት ቀድመው ነው። «ልጃችንን የት ወስዶ ሊያኖራት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ኃላፊዬም ሊሰርዙት የነበረውን፣ ኋላ ያጸደቁትን አንቀጽ በቃላቸው ደገሙት፦ «ከዚህ ቤት በእግር በሚደረስ ርቀት።»

እንዲሁም ሆነ። ሰፈሩን ከቀባሁት በኋላ ገባሁበት፤ እስከ ዛሬም አለሁ። ጓድ ታደለና ጋሽ ሽብሩ ዐርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቀራንዮ ብዙ ተለውጧል፤ ፎቁም መኪናውም በዝቷል። ወፍጮው በመብራት ይሠራል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አሁንም ይቆማል፤ ለምን እንደሚቆም የሚያውቁ ግን ጥቂት ናቸው።

ያ ቀን ለእኔ ሚስት ብቻ አልሰጠኝም። ከዚያ በኋላ በጡረታ እስክገለል ድረስ አንድም ሰፈር በእግሬ ሳልሄድበት ቀለም አልቀባሁም፤ አንድም ደንብ ለሚመለከተው ሰው ሳላነብብለት አላስፈረምሁም። ዛሬ ከተማ የምታቅዱ ወጣቶች ይህን ካነበባችሁ፣ መሣሪያችሁ ከእኔ ማስመሪያ እጅግ የላቀ መሆኑን አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ክብሪት እንዳለቀባችሁ አድርጋችሁ ከአንድ ቤት ውጡ። የት ድረስ እንደምትሄዱ፣ በመንገድ ላይ ስንት ሰው ሰላም እንደሚላችሁ እዩ። ደንባችሁን ከዚያ ጻፉት። እናንተም የሰፈር ነዋሪዎች፣ ፕላን ይዞ ደጃፋችሁ የሚመጣ ሰው ካለ አትቆጡት፤ አብሉት፣ ቀን ቅጠሩት፣ ሥራ ባለበት ቀን ይመለስ በሉት።

ይህን ጽፌ ለጽጌ አነበብሁላት። ከመጋረጃው በስተጀርባ ሳቀች ያልሁበት ቦታ ላይ አስቆመችኝ። እሷ እንደምትለው አልሳቀችም፣ ሳል ነው የያዛት። እንዳርመው ጠየቀችኝ፤ እኔም ጉዳዩን ከዘመድ ጋር መክሬ የዛሬ ሁለት ሳምንት መልስ እሰጣለሁ አልኋት። እስከዚያ ድረስ ጨው አልቋል ብላ ወደ ሱቅ ልካኛለች። በነጠላ ጫማ እሄዳለሁ፤ ድስቱ ሳይፈላ እመለሳለሁ።